ጆሮን ወደ ጉድጓድ ማውረድ፦ የትኛው የጉድጓድ ሴይስሚክ ለየትኛው ጥያቄ?

ሴይስሚክ ማለት የድምፅ ሞገድ ወደ አለት ልኮ ማዳመጥ ነው፤ የጉድጓድ ሴይስሚክ ደግሞ ጆሮውን ጉድጓድ ውስጥ አውርዶ ማዳመጥ። ጉድጓዱ ተቆፍሮ ሊያልቅ ሲል ከአገልግሎት ሰጪዎች የሚመጣው ዝርዝር ዓይን አዋጅ ነው። ቼክሾት፣ ቪኤስፒ (ቨርቲካል ሴይስሚክ ፕሮፋይል)፣ ዎክአዌይ፣ ባለ ሦስት ገጽታ ቪኤስፒ፣ ክሮስዌል፣ ፋይበር። ሁሉም ብሮሹሩ ላይ ባለቀለም ስዕል አለው። ሁሉም የከርሰ ምድሩን ክምችት፣ ማለትም ዘይት፣ ጋዝ ወይም ውኃ የያዘውን አለት፣ አሳያለሁ ይላል። ውሸት አይደለም፣ ያሳያል። የትኛውን ክፍል፣ ከምን ያህል ርቀት፣ በምን ያህል ዝርዝር የሚለው ላይ ግን ሰማይና ምድር ናቸው።

ግራ መጋባቱ የሚመጣው ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች ስለሚደባለቁ ይመስለኛል። አንደኛው ሞገዱ በየት በኩል ይሂድ የሚለው ነው፦ ምንጩ የት ይሁን፣ ተቀባዩ የት ይሁን። ሁለተኛው ማን ያዳምጥ የሚለው ነው፦ ጂኦፎን (የአለቱን ንዝረት የሚሰማ)፣ ሃይድሮፎን (በፈሳሽ ውስጥ ያለውን ግፊት የሚሰማ) ወይስ ፋይበር (የመስታወት ገመድ)። «ፋይበር ይሻላል ወይስ ዎክአዌይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው «መኪና ይሻላል ወይስ አስፋልት?» እንዳለ ቁጠሩት። ስለዚህ ከታች መጀመሪያ የሞገዱን መንገድ፣ ቀጥሎ አዳማጩን እናያለን። ከሁሉም በፊት ግን መስፈርቱ።

በምን እንለካቸው?

*ጥያቄው።* በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። «ክምችቱን ማየት እንፈልጋለን» ጥያቄ አይደለም። «ከጉድጓዱ በስተ ምሥራቅ፣ በ300 ሜትር ውስጥ ፎልት አለ ወይስ የለም?» ጥያቄ ነው። ፎልት የምለው አለቱ ተሰብሮ የተንሸራተተበትን መስመር ነው። ዓረፍተ ነገሩን መጻፍ ካቃታችሁ ገና ለግዢ አልደረሳችሁም።

*ዝርዝሩ።* ሁለት ንጣፎችን ለይቶ ለማየት ውፍረታቸው የሞገዱን ርዝመት አንድ አራተኛ ያህል መሆን አለበት። ሒሳቡ ቀላል ነው። አለቱ ውስጥ ሞገዱ በሰከንድ 3,000 ሜትር ይሄዳል እንበል። ከመሬት ላይ በሚሠራ ሴይስሚክ 30 ሄርዝ (በሰከንድ 30 ንዝረት) ብናገኝ ርዝመቱ 100 ሜትር ነው፤ ሩቡ 25 ሜትር። ተቀባዩን ጉድጓድ ውስጥ አውርደን 80 ሄርዝ ብናገኝ ሩቡ ወደ 9 ሜትር ይወርዳል። ምንጩም ተቀባዩም ታች ሆነው 1,000 ሄርዝ ላይ ብንደርስ ሩቡ ከአንድ ሜትር በታች ነው።

ልዩነቱን የሚያመጣው በአብዛኛው ከላይ ያለው ልል አፈር ነው። ከፍተኛውን ፍሪኩዌንሲ እንደ ስፖንጅ ይመጥጠዋል። የመሬት ላይ ሴይስሚክ በዚህ ስፖንጅ ሁለት ጊዜ ያልፋል፣ ሲወርድና ሲመለስ። ተቀባዩ ታች ከሆነ አንድ ጊዜ ብቻ። ሁለቱም ታች ከሆኑ ጭራሽ አያልፍም።

*የሚደርስበት ርቀት።* ዝርዝርና ርቀት እንደ ሚዛን ናቸው፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል። ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ሩቅ አይሄድም።

*ጉድጓዱ ራሱ።* እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። የኬዚንጉ፣ ማለትም የጉድጓዱን ግድግዳ የሚይዘው የብረት ቧንቧ፣ ሲሚንቶ እንዴት ነው? ሁለት ኬዚንግ አንዱ በሌላው ውስጥ ሆኖ መካከሉ ሲሚንቶ ከሌለው ብረቱ እንደ ደወል ይጮኻል። በብረት የሚሄደው ድምፅ በአብዛኛው አለት ከሚሄደው ስለሚቀድም፣ የምትፈልጉትን የመጀመሪያ ሞገድ ይውጠዋል። ሙቀቱስ? ጉድጓዱስ ስንት ዲግሪ ታጥፏል? ከ60 ዲግሪ በላይ ካጋደለ መሣሪያው በክብደቱ ብቻ አይወርድም። በቧንቧ ወይም ጉድጓድ ውስጥ በሚሄድ ትራክተር መገፋት አለበት፤ ያ ደግሞ ሌላ ሒሳብ ነው።

*የሪግ ሰዓት።* ኮንትራቱ ላይ ያለው ዋጋ ግማሽ ታሪክ ነው። ሪጉ፣ ማለትም መቆፈሪያው ማሽን፣ ቆሞ የሚጠብቅበት ሰዓት ብዙ ጊዜ ከአገልግሎቱ ይበልጣል።

*መደጋገም።* ክምችቱን አንዴ ማየት ነው የምትፈልጉት ወይስ በየዓመቱ መከታተል?

ቼክሾት፦ ርካሹና የሚናቀው

ምንጩ መሬት ላይ፣ ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ ነው። ጂኦፎኑ ታች በጥቂት ጥልቀቶች ላይ ይቆማል። የሚፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሞገዱ ለመድረስ ስንት ሰከንድ ወሰደ?

2,400 ሜትር ላይ በ0.8 ሰከንድ ከደረሰ አማካይ ፍጥነቱ በሰከንድ 3,000 ሜትር ነው። ይህ ቁጥር የመሬት ላይ ሴይስሚክን ከሰከንድ ወደ ሜትር የሚቀይር ምንዛሪ ነው። ምንዛሪው በ3 በመቶ ቢሳሳት ንጣፉን 72 ሜትር ከቦታው ታዛውሩታላችሁ። ቀጭን ክምችት ለሚፈልግ ሰው 72 ሜትር ማለት ሌላ ጉድጓድ ማለት ነው።

ስዕል አይሰጥም። ስዕል ከፈለጋችሁ እለፉት።

ዜሮ-ኦፍሴት ቪኤስፒ፦ ብዙ ሰው የሚያስፈልገው ይኸው ነው

ሬጂናልድ ፌሰንደን ማዕድን ለመፈለግ ድምፅን በውኃ በተሞሉ ጉድጓዶች የመጠቀም ሐሳብን እ.ኤ.አ. በ1917 ፓተንት አስደርጎበታል። ቪኤስፒን እንደ ሙሉ ዘዴ ያደራጁት ግን ሶቪየቶች ናቸው። በተለይ ጋልፐሪን የተባለው ጂኦፊዚሲስት ስሙ እስከ ዛሬ በጂኦፎን አደራደር ይጠራል።

ኦፍሴት ማለት ምንጩ ከጉድጓዱ አፍ የራቀበት ርቀት ነው፤ እዚህ ዜሮ ስለሆነ አቀማመጡ ከቼክሾት ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ ጂኦፎኑ በየ15 ሜትሩ መቆሙና የመጀመሪያውን ሞገድ ብቻ ሳይሆን ከኋላው የሚመጣውን ሁሉ መቅዳቱ ነው። የ15 ሜትሩ ነገር ከሰማይ የወረደ አይደለም። በሰከንድ 3,000 ሜትር ፍጥነት እስከ 100 ሄርዝ ያለውን ሞገድ ሳይምታታ ለመቅዳት የሚፈቀደው ትልቁ ርቀት ነው።

ሥራውን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው የሚያስታውሰው አንድ ነገር አለ። መሣሪያው ቦታው ሲደርስ በጎኑ ያለው የብረት ክንድ ይከፈትና ግድግዳው ላይ ጥብቅ ይላል። ከዚያ ኦፕሬተሩ ኬብሉን ትንሽ ያላላዋል። ካላላላው የሪጉ ንዝረት በኬብሉ ወርዶ ጂኦፎኑ ላይ ይቀመጣል። ላይ ያለው ቫይብሬተር መኪና መሬቱን ለተወሰኑ ሰከንዶች ያንቀጠቅጣል፣ ስክሪኑ ላይ መስመር ይወጣል። ይደገማል፣ ይደመራል። ክንዱ ይታጠፋል፣ መሣሪያው 15 ሜትር ይነሣል። እንደገና ከአንድ። አሰልቺ ነው፤ ጥራቱ ግን እዚያ አሰልቺ ቦታ ላይ ነው የሚወሰነው።

ትርፉ ምንድን ነው? ወደ ታች የሚወርደውና ከንጣፍ ተንጸባርቆ ወደ ላይ የሚመለሰው ሞገድ ተለይተው ይታያሉ። ሁለቱ የሚገናኙበት ጥልቀት ንጣፉ ያለበት ትክክለኛ ጥልቀት ነው። የመሬት ላዩ ሴይስሚክ ላይ ያለው ጠንካራ መስመር እውነተኛ ንጣፍ ይሁን ደጋግሞ የተንጸባረቀ የገደል ማሚቶ እዚህ ይለያል። ቁፋሮው ገና ካልደረሰበት፣ ከቢቱ (ከመቆፈሪያው ጫፍ) በታች ያለ ንጣፍ በስንት ሜትር እንደሚመጣም መገመት ይቻላል። ከፍተኛ ግፊት ወዳለበት ንጣፍ ለሚጠጋ ቆፋሪ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጉድለቱ፦ ጉድጓዱ ቀጥ ያለና ንጣፎቹ ጠፍጣፋ ከሆኑ የሚያየው የጉድጓዱን ቅርብ ዙሪያ ብቻ ነው። ወደ ጎን አያይም።

ኦፍሴትና ዎክአዌይ፦ ወደ ጎን ለማየት

ወደ ጎን ለማየት ምንጩን ከጉድጓዱ ማራቅ ነው። አንድ ሩቅ ቦታ ላይ ካቆማችሁት ኦፍሴት ቪኤስፒ ነው። በመስመር ላይ ከነጥብ ወደ ነጥብ ከተጓዘ ዎክአዌይ ነው። ባሕር ላይ መርከብ የአየር ሽጉጥ እየጎተተ ስለሚሄድ ዎክአዌይ ይቀላል። የብስ ላይ መንገድ፣ እርሻና ወንዝ አለ።

እዚህ ላይ ሻጮች ቶሎ የማያነሡት ቁጥር አለ። ምንጩን 2,000 ሜትር አራቃችሁት ማለት 2,000 ሜትር አያችሁ ማለት አይደለም። ንጣፉ 2,500 ሜትር፣ ጂኦፎኑ 1,500 ሜትር ላይ ነው እንበል። ፍጥነቱ አንድ ወጥ ከሆነ ሞገዱ የሚንጸባረቅበት ነጥብ ከጉድጓዱ 571 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ጂኦፎኑን ወደ 500 ሜትር ብታነሡት 889 ሜትር ይደርሳል። ጠፍጣፋ ንጣፍ ላይ ከምንጩ ርቀት ግማሽ በላይ በፍጹም አይሄድም። ስለዚህ «ፎልቱ በ900 ሜትር ላይ ነው» ካላችሁና የቀረበላችሁ ፕላን ምንጩን 1,500 ሜትር ላይ የሚያስቀምጥ ከሆነ፣ ያ ፕላን ፎልቱን አያየውም። አለቀ።

ሌላው ችግር ስዕሉ በአንድ መስመር ላይ ብቻ መሆኑ ነው። ፎልቱ ከመስመሩ ወጣ ብሎ ቢገኝ የተሳሳተ ቦታ ላይ ይሳላል።

ባለ ሦስት ገጽታ ቪኤስፒ

ምንጩ በመስመር ሳይሆን በጉድጓዱ ዙሪያ በሙሉ፣ በመቶዎች ወይም በሺዎች በሚቆጠሩ ነጥቦች ላይ ይሠራል። ስዕሉ ኩብ ነው። የጨው ጉልላት ሥር ወይም በጋዝ በተሸፈነ ክምችት ላይ የመሬት ላዩ ሴይስሚክ ዓይኑ ሲጠፋ ይህ ያድናል።

ግን ደብተር አውጡና አስሉ። 2,000 ሜትር ጉድጓድ በየ15 ሜትሩ ሲቀዳ 133 ያህል ጥልቀቶች ናቸው። መሣሪያችሁ 8 ጂኦፎን ካለው 17 ጊዜ መነሣትና መቆም አለበት። 1,000 የምንጭ ነጥቦች ካሉ ቫይብሬተሩ እያንዳንዱን ነጥብ 17 ጊዜ ይጎበኛል፣ 17,000 ጊዜ። ሪጉ ቆሞ! ለዚህ ነው ባለ ሦስት ገጽታ ቪኤስፒ ለረጅም ጊዜ የሀብታም ጨዋታ የነበረው፤ ሒሳቡን የቀየረው ፋይበር ነው።

አሁን ወደ አዳማጩ፦ ጂኦፎን ወይስ ዳስ?

ዳስ ስል ለሰርግ የሚጣለውን አይደለም። ፋይበር ኦፕቲክ ገመድን ራሱን ጆሮ የሚያደርግ ቴክኖሎጂ ነው። ላይ ያለው ሳጥን በፋይበሩ ውስጥ የሌዘር ብልጭታ ይልካል። በመስታወቱ ውስጥ ካሉ ጥቃቅን ጉድለቶች ጥቂት ብርሃን ተበትኖ ይመለሳል። ሞገድ ሲያልፍ ፋይበሩ በትንሹ ይለጠጣል፣ የሚመለሰው ብርሃን ይቀየራል። ብርሃን ፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሄድ 5 ኪሎ ሜትር ደርሶ ለመመለስ 50 ማይክሮሰከንድ ብቻ ይፈጅበታል። በሰከንድ በሺዎች የሚቆጠሩ ብልጭታዎች መላክ ይቻላል። ስለዚህ ከላይ ያለው 17,000 ወደ 1,000 ይወርዳል፤ ጉድጓዱ በሙሉ በአንዴ ያዳምጣላ!

ፋይበሩ ከኬዚንጉ ጀርባ ከሲሚንቶው ጋር ከተቀበረ ደግሞ ሪግ አያስፈልግም። ምርትም አይቋረጥም። ከዓመት በኋላ ሳጥኑን ይዞ መጥቶ መሰካት ነው። አልበርታ ውስጥ ባለው የኩዌስት ፕሮጀክት የተቀበረውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለመከታተል በዳስ የተቀዳ ቪኤስፒ ሥራ ላይ ውሏል። አውስትራሊያ ውስጥ ኦትዌይ ላይ ደግሞ ምንጮቹንም ቋሚ አድርገው መሬት ላይ ተክለዋቸዋል።

ታዲያ ጂኦፎን ሞተ? አልሞተም። ዳስ ሦስት ድክመቶች አሉት።

አንደኛ፣ የሚያዳምጠው በፋይበሩ አቅጣጫ ብቻ ነው። ለዋናው የግፊት ሞገድ ስሜቱ በማዕዘኑ ኮሳይን ስኩዌር ይቀንሳል። ሞገዱ ከፋይበሩ በ30 ዲግሪ ከመጣ 75 በመቶ ይሰማዋል። በ60 ዲግሪ 25 በመቶ ብቻ። ከጎን በቀጥታ ከመጣ ደንቆሮ ነው። ቀጥ ባለ ጉድጓድ ውስጥ ሩቅ ምንጭ ያለው ዎክአዌይ ስትሠሩ ይህ ጉድ ይሠራችኋል። ባለ ሦስት አቅጣጫ ጂኦፎን ግን ከየትም ይምጣ ይሰማል፣ ከየት እንደመጣም ይናገራል።

ሁለተኛ፣ የራሱ ጩኸት ከጂኦፎን ይበልጣል፤ ደካማ ምልክት ይጠፋበታል። ሦስተኛ፣ የሚለካው በአንድ ነጥብ ሳይሆን ብዙ ጊዜ 10 ሜትር በሚደርስ ርዝመት ላይ ያለውን አማካይ ነው። ዳታውም መዓት ነው፤ ሃርድ ዲስክ ቀድማችሁ አዘጋጁ።

በሙቀት በኩል ፋይበር ይበልጣል፣ ግን ሽፋኑን ጠይቁ። ተራው የአክሪሌት ሽፋን 85 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ገደቡ ነው፣ ፖሊኢሚድ ወደ 300 ይደርሳል። የተለመዱ የጂኦፎን መሣሪያዎች 175 ዲግሪ አካባቢ ያቆማሉ። ለጂኦተርማል ጉድጓድ ውሳኔው እዚሁ ያበቃል።

ሃይድሮፎንን በአጭሩ፦ ግድግዳ ላይ መጣበቅ አያስፈልገውም፣ ሥራው ይፈጥናል። ነገር ግን በጉድጓዱ ፈሳሽ ውስጥ ሽቅብ ቁልቁል የሚመላለሰው የቱቦ ሞገድ ያደነቁረዋል።

ክሮስዌል፦ ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ

ምንጩ በአንዱ፣ ተቀባዩ በሌላው ጉድጓድ ውስጥ ነው። ላይ ያለው ስፖንጅ ሙሉ በሙሉ ይታለፋል። ከመቶዎች እስከ ሺህና ከዚያ በላይ ሄርዝ ይገኛል። በዝርዝር ከተወዳደርን አሸናፊው ይህ ነው።

የታወቀ ምሳሌ ቴክሳስ ውስጥ በፍሪዮ የተደረገው ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 1,600 ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ 1,500 ሜትር ገደማ ጥልቀት ተገፋ። መመልከቻው ጉድጓድ 30 ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ነበር። ከመገፋቱ በፊትና በኋላ ክሮስዌል ተሠራ። ጋዙ የገባበት አለት የሞገዱን ፍጥነት ቀንሶ ስለተገኘ ጋዙ የት እንደተቀመጠ ታየ። ይህን ያህል ትንሽ መጠን በዚያ ጥልቀት ከመሬት ላይ መለየት በጣም ከባድ ነው።

ግን ሁኔታዎቹ ብዙ ናቸው። ሁለት ጉድጓድ ይፈልጋል፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሥራ ማቆም አለባቸው። ርቀታቸው ከጥቂት መቶ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። በጉድጓዶቹ መካከል ያለው ርቀት 300 ሜትር ከሆነ ቢያንስ 300 ሜትር ቁመት መቃኘት አለባችሁ፣ አለዚያ ጨረሮቹ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ይሄዱና ስዕሉ ይዝረከረካል። ክምችቱ ከጉድጓዶቹ ግርጌ አጠገብ ከሆነ ደግሞ ከታች በኩል ለመቃኘት ቦታ የለም። አንድ አስገራሚ ነገርም አለ፦ ጨረሮቹ በአብዛኛው አግድም ስለሚሄዱ ቀጥ ብሎ የቆመ ፎልት ፍጥነት ላይ ብቻ በተመሠረተው ስዕል ላይ ደብዝዞ ነው የሚታየው። ፎልት ፍለጋ ክሮስዌል ያዘዘ ሰው የሚበሳጨው ለዚህ ነው።

ቀሪዎቹን በፍጥነት

*የሶኒክ ምስል።* ምንጩም ተቀባዩም በአንድ መሣሪያ ላይ ናቸው፣ በሺዎች ሄርዝ። ከግድግዳው ጥቂት ሜትሮች እስከ አሥር ቤት ሜትሮች ድረስ ያሉ ስንጥቆችን ያሳያል። ስንጥቁ በግራ ይሁን በቀኝ መለየት ግን አንዳንዴ ያስቸግረዋል።

*በቁፋሮ ላይ የሚሠራ።* ተቀባዩ ከቢቱ በላይ ይገጠማል፣ ቧንቧ ሲቀጠልና ፓምፕ ሲቆም ይቀዳል። ተጨማሪ የሪግ ሰዓት አይበላም ማለት ይቻላል። ቢቱን ራሱን ምንጭ የማድረግ ዘዴም አለ፤ ለዚያ አለቱን እየቀጠቀጠ የሚቆፍረው ባለጥርስ ሮለር ቢት ይሻላል። እየላጨ የሚሄደው ፒዲሲ ቢት ድምፁ ደካማ ነው።

በአንድ ገበታ

| ዘዴ | የሚመልሰው ጥያቄ | የዝርዝር ደረጃ | ወደ ጎን የሚያየው | ወጪ | ዋና ወጥመድ |
|---|---|---|---|---|---|
| ቼክሾት | ስንት ሰከንድ ስንት ሜትር ነው? | ስዕል የለውም | አያይም | ዝቅተኛ | ሲሚንቶ የሌለው ኬዚንግ |
| ዜሮ-ኦፍሴት ቪኤስፒ | ይህ መስመር እውነተኛ ንጣፍ ነው? ከቢቱ በታች ምን አለ? | ወደ 10 ሜትር | የጉድጓዱ ቅርብ ዙሪያ | ዝቅተኛ ወደ መካከለኛ | የላላ መጣበቅ |
| ኦፍሴትና ዎክአዌይ | በዚህ አቅጣጫ ፎልት አለ? | ወደ 10 ሜትር | እስከ ምንጩ ርቀት ግማሽ | መካከለኛ | ከመስመር የወጣ ዒላማ |
| ባለ ሦስት ገጽታ ቪኤስፒ | በጉድጓዱ ዙሪያ ያለው ቅርጽ ምን ይመስላል? | ወደ 10 ሜትር | እንደዚያው፣ በሁሉም አቅጣጫ | ከፍተኛ፤ በዳስ ይቀንሳል | የሪግ ሰዓት |
| ክሮስዌል | በሁለቱ ጉድጓዶች መካከል ምን አለ? ምን ተለወጠ? | ከጥቂት ሜትር እስከ ከአንድ ሜትር በታች | ከጥቂት መቶ ሜትር የማይበልጥ | ከፍተኛ | ርቀትና የጉድጓድ ጥልቀት |
| የሶኒክ ምስል | አጠገባችን ስንጥቅ አለ? | ከአንድ ሜትር በታች | እስከ አሥር ቤት ሜትሮች | መካከለኛ | አቅጣጫ መለየት |

የዝርዝሩ ቁጥሮች በሰከንድ 3,000 ሜትር ፍጥነት የታሰቡ ናቸው። በጠንካራ ኖራ ድንጋይ ፍጥነቱ እጥፍ ሊደርስ ይችላል፤ ዝርዝሩም በዚያው ልክ ይደበዝዛል።

እንግዲህ የትኛውን?

እጃችሁ ካጠረና ጉድጓዱ የመጀመሪያችሁ ከሆነ ዜሮ-ኦፍሴት ቪኤስፒ ሥሩ። ከቼክሾት ጋር ያለው የዋጋ ልዩነት ከሚሰጠው መረጃ አንጻር ትንሽ ነው። አንዴ መሣሪያው ከወረደ ጥቂት ሰዓት መጨመር ነው። ቼክሾት ብቻ የሚበቃው አካባቢው በሌሎች ጉድጓዶች በደንብ ከታወቀ ወይም ጉድጓዱ አስጊ ሆኖ መሣሪያ ታች ብዙ ማቆየት ካልተፈለገ ነው።

አንድ የተወሰነ ፎልት ካስጨነቃችሁና አቅጣጫው ከታወቀ ዎክአዌይ፣ በጂኦፎን። አቅጣጫው ካልታወቀ በአንድ መስመር አትቆምሩ። ገንዘቡን ጠብቃችሁ ወደ ባለ ሦስት ገጽታ ሂዱ።

ለዓመታት የምትከታተሉት ክምችት ካላችሁ፣ ማለትም ውኃ ወይም ጋዝ የሚገፋበት፣ ካርቦን የሚቀበርበት ወይም እንፋሎት የሚመረትበት ከሆነ፣ ፋይበሩን ኬዚንጉ ሲወርድ አብራችሁ ቅበሩት። በኋላ ልቅበረው ቢሉት አይሆንም። አሁን የመቀበሪያ ገንዘብ ካለና የቅኝት ገንዘብ ከሌለ እንኳ ቅበሩት፣ ቅኝቱ ይደርሳል።

ሁለት ቅርብ ጉድጓዶች ካሉና ጥያቄው በመካከላቸው ያለ ቀጭን ንጣፍ ከሆነ ክሮስዌል። ርቀታቸው ኪሎ ሜትር ከሆነ ግን ይቅርባችሁ።

ከመፈረማችሁ በፊት

አቅራቢው በእናንተ ጉድጓድና በእናንተ ንጣፍ ቁጥር ኮምፒውተር ላይ ሞዴል ሠርቶ ያሳያችሁ። ዒላማው በሞዴሉ ላይ ካልታየ በእውነተኛው ላይም አይታይም። የሲሚንቶውን ሎግ (የሲሚንቶውን አያያዝ የሚያሳየውን የልኬት መዝገብ) ቀድማችሁ ስጡት፣ የትኛው ጥልቀት ላይ ቀረጻው እንደሚበላሽ በጽሑፍ ይንገራችሁ። ዳስ ከሆነ የሳጥኑን ዓይነት ብቻ ሳይሆን የፋይበሩን ሽፋንና የሚለካበትን ርዝመት ጠይቁ።

ጥሬው ዳታ የእናንተ መሆኑም ኮንትራቱ ላይ ይግባ። የሴይስሚክ ዳታ በተለመደው የሚቀመጥበት በሴግ-ዋይ ፎርማት፣ ከእያንዳንዱ ጥልቀትና የምንጭ ቦታ መዝገብ ጋር። የተጠናቀቀው ስዕል ብቻ ከተሰጣችሁ ከሦስት ዓመት በኋላ የተሻለ ሶፍትዌር ሲመጣ የምትከፍቱት ፒዲኤፍ ብቻ ነው።